እርግብ፦ ስለ ስሟና ስለ ትርጉሟ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እርግብ ምን ታመለክታለች ብላችሁ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ «ሰላም» ይላችኋል። ልክ ነው። ግን እዚያ ላይ ከቆምን ብዙ ነገር ያመልጠናል። እርግብ መልእክተኛ ናት፣ የደሃ መሥዋዕት ናት፣ የፍቅረኛ መጠሪያ ናት፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሞኝ ናት። ሰላም የመጣው ከነዚህ ሁሉ ጋር ነው። ከታች ያሉት ስም የሚያወጡ ወላጆች፣ ስማቸው ርግብ ወይም ዮናስ የሆነ ሰዎች፣ ሰርግ የሚደግሱም ጭምር ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

እርግብ ነው የሚባለው ወይስ ርግብ?

ሁለቱም ይባላል። ግዕዙ «ርግብ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን በ«ር» የሚጀምር ቃል አፉ ላይ ስለማይመቸው ከፊቱ «እ» ይጨምርበታል፤ ርስትን እርስት፣ ርኩስን እርኩስ እንደምንለው ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስና የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ «ርግብ» ሲሉ ሰፈር ውስጥ የምትሰሙት «እርግብ» ነው። ትግርኛው «ርግቢት» ስለሚል ዝምድናው ወዲያው ይታያል። ኦሮምኛው «ጉጌ» ይላል፣ እሱ የራሱ ስም ነው።

ለልጅ ስም ካደረጋችሁት ግን አንዱን ምረጡና በልደት የምስክር ወረቀቱም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በፓስፖርቱም ላይ ያንኑ አጻጻፍ ተጠቀሙ። አንዱ ወረቀት ላይ በ«ር»፣ ሌላው ላይ በ«እ» የሚጀምር ስም በኋላ የቪዛ ነገር ሲመጣ የሚያመጣውን ጣጣ የደረሰበት ያውቀዋል።

ቃሉ ከ«ረገበ» የመጣ ነው ይባላል። እውነት ነው? ውጥረት ሲረግብ ሰላም ይሆናልና።

ሐሳቡ ያምራል፣ ማስረጃ ግን የለውም። ፊደላቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ሁለት ቃላት ዘመድ አይሆኑም። እንደዚያ ቢሆንማ «ተርገበገበ»ንም፣ የሕፃን አናት ላይ ያለችውን ያቺን ለስላሳ ቦታ እርግብግቢትንም ጎትተን እናመጣ ነበር። በጥንቱ የግዕዝ መጽሐፍ ቅዱስ «ርግብ» የወፏ ስም ሆኖ ነው የምናገኘው። ፌስቡክ ላይ «ርግብ ማለት የረገበች፣ የተረጋጋች ማለት ነው» የሚል ካያችሁ ለግጥም ያህል ተቀብላችሁ እለፉት።

«ርግአት» የሚለው የሴት ስም ደግሞ ሌላ ነው። እሱ «ረግአ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን መርጋት፣ መረጋጋት ማለት ነው። በትግርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ከሚታወቀው «ርግበ» ከሚለው ስም ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል። ርግበ እርግብ ናት፣ ርግአት ግን አይደለችም።

እርግብና ዋኖስ አንድ ናቸው? ዋልያ የሚለውስ እዚህ ውስጥ ምን አስገባው?

በሳይንሱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ትንንሾቹን ዋኖስ፣ ተለቅ ያሉትን እርግብ ማለት የተለመደ ነው፣ ግን መካከላቸው የተሰመረ ጥብቅ መስመር የለም። እንግሊዝኛም እንደዚሁ ሁለት ቃል ስላለው አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን የሰላሟን ነጭ ወፍና ባቡር ጣቢያ ፍርፋሪ የምትለቅመውን ግራጫ ወፍ እንደማይተዋወቁ ሁለት ፍጥረታት ነው የሚያዩዋቸው። ኒውዮርክ ውስጥ ሁለተኛዋን «ክንፍ ያላት አይጥ» እያሉ ይሰድቧታል። አማርኛ ሁለቱንም እርግብ ይላል፣ በኔ አስተያየት በዚህ እኛ እንሻላለን።

የዋልያው ነገር ደስ ይላል። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 በቀድሞው የአማርኛ ትርጉም ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ወደ ቤተ መቅደስ ሲወስዱ መሥዋዕቱ «ሁለት ዋሊያ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች» እንደሆነ ይናገራል። አንባቢው የሰሜን ተራሮቹ ቀንዳም እንስሳ መስሎት ግራ ይጋባል። እዚህ ላይ ግን ወፍ ነው። በ1769 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም አረንጓዴ ጀርባና ቢጫ ሆድ ያላትን እርግብ «ዋሊያ» በሚል ስም መዝግቧታል። ይህች ወፍ ሾላ ካፈራበት ዛፍ አትጠፋም። እስከዛሬም ሳይንሳዊ ስሟ «ትሬሮን ዋሊያ» ነው። ስለዚህ የዓለም የወፍ ጠበብት ዋልያ ሲሉ የሚያስቡት እኛ የምናስበውን ብሔራዊ ቡድን አይደለም።

ላሊበላ ድንጋዩ ላይ፣ አዲስ አበባም ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የምናያት የትኛዋ ናት?

ብዙ ጊዜ የምታዩዋት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የማትገኝ እርግብ ናት። ጠቆር ያለ ግራጫ ናት፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት አላት። በ1830ዎቹ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔል የሰጣት የላቲን ስምም ያው «ነጭ አንገትጌ» እንደማለት ነው። ገደል ላይ መስፈር የለመደች ወፍ ስለሆነች ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለሷ ሌላ ገደል ነው። በተፈጥሮዋ ነው እንግዲህ እዚያ የተገኘችው፣ ምእመኑ ግን ደጀ ሰላም የማትለይ ወፍ አድርጎ ያያታል፣ በጥሬ ይመግባታል፣ አይነካትም።

ሌላዋ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ የሆነው ቡናማዋ ናት። እሷ ከአገራችን ውጪም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ትገኛለች።

«የሰላም እርግብ» ከየት መጣች?

ሥሩ የኖኅ ታሪክ ነው፣ ዘፍጥረት ምዕራፍ 8። ኖኅ እርግብን ሦስት ጊዜ ላካት። መጀመሪያ እግሯን የምታሳርፍበት አጥታ ተመለሰች። ከ7 ቀን በኋላ ሲልካት ወደ ማታ ለምለም የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ መጣች። ሌላ 7 ቀን ቆይቶ ሲልካት ቀረች፣ መሬት አግኝታለችና። ልብ በሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ «ሰላም» የሚል ቃል የለም። እርግቧ ያመጣችው ዜና ነው፤ ውኃው ጎድሏል የሚል። የጥንት ክርስቲያኖች ናቸው በሮም ከመሬት በታች ባሉ መቃብሮቻቸው ግድግዳ ላይ እርግብን ከወይራ ዝንጣፊ ጋር እየሳሉ ለሞተው ሰው የሰላም ዕረፍትን የተመኙበት።

ዛሬ በየፖስተሩ የምናያት ነጭ እርግብ ግን ከዚያ በጣም የቅርብ ልጅ ናት። በ1949 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለተካሄደው የዓለም የሰላም ጉባኤ ፖስተር የፓብሎ ፒካሶ የእርግብ ሥዕል ተመረጠ። ለሥዕሉ መነሻ የሆነችው ሠዓሊው ማቲስ ለፒካሶ የሰጠው እርግብ ናት። ጉባኤው በተከፈተበት ሰሞን ፒካሶ ሴት ልጅ ተወለደችለት፣ ስሟንም ፓሎማ አላት። ፓሎማ በስፓኒሽ እርግብ ማለት ነው።

በቀዳም ሥዑር የምናስረው ቄጠማ ከእርግብ ጋር ይገናኛል?

በደንብ ይገናኛል፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ሳናውቀው ነው ስናስረው ያደግነው። በትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እየመቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ለምለም ቄጠማ ያድላሉ። ምእመኑ ተቀብሎ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ቀለበት ያስረዋል፣ ልጆች ደግሞ ግንባራቸው ላይ ወርዶ ዓይናቸውን ሲጋርዳቸው መልሰው ወደ ላይ እየገፉ ይውላሉ። የቤተ ክርስቲያን ማብራሪያው ቄጠማውን በቀጥታ ከኖኅ እርግብ ጋር ያያይዘዋል። እርግብ በለምለም ቅጠል የጥፋት ውኃ መጉደሉን አበሠረች፣ ቄጠማው ደግሞ የክርስቶስን ትንሣኤ ያበሥራል። ካህናቱ የሚሉት ግዕዝ «በመስቀሉ ሰላምን አደረገ» ማለት ስለሆነ እርግብና ሰላም እኛ ጋ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ፒካሶ ሳይወለድ በፊት ማለት ነው።

እርግብ በጎ፣ ቁራ ክፉ ነው የሚባለው ለምንድነው?

በዚያው በኖኅ ምክንያት። ቁራ ከእርግብ በፊት ተልኮ ወሬ ሳያመጣ ቀረ። ዕቃ ግዛ ተብሎ ሱቅ ተልኮ በዚያው የቀረን ልጅ «የቁራ መልክተኛ» የምንለው ለዚህ ነው። ግን ቁራን ያለ ልክ አናዋርደው። በመጽሐፈ ነገሥት ኤልያስን በድርቁ ጊዜ እንጀራና ሥጋ እያመጡ የመገቡት ቁራዎች ናቸው፣ እርግቦች አይደሉም።

መንፈስ ቅዱስ እርግብ ነው?

አይደለም፤ በእርግብ አምሳል ታየ ነው የሚባለው። አራቱም ወንጌሎች ጌታ በዮርዳኖስ ሲጠመቅ መንፈስ ቅዱስ እንደ ርግብ ሲወርድ መታየቱን ይጽፋሉ። በየጥምቀቱ፣ ጥር 11፣ የምናስበው ይህንኑ ነው። ሰው ግን ሁለት ታሪክ ያደባልቃል። በጰራቅሊጦስ ዕለት በሐዋርያት ላይ የወረደው እንደ እሳት ልሳን ሆኖ ነው እንጂ እርግብ ሆኖ አይደለም።

ሌላም የሚደባለቅ አለ። ለቅዱስ ያሬድ ከኤደን ገነት ተልከው በሰው ቋንቋ ያነጋገሩት ሦስት አእዋፍ ናቸው። ሠዓሊዎች እርግብ አስመስለው ይስሏቸው ይሆናል፣ ትውፊቱ ግን የሚለው አእዋፍ ብቻ ነው።

እመቤታችን ርግብ የምትባለው ለምንድነው?

መነሻው መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ነው። እዚያ ውስጥ ወዳጅ ወዳጁን ደጋግሞ «ርግቤ» ይላታል፣ ዓይኖቿንም በርግብ ዓይኖች ይመስላቸዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህንን ለእመቤታችን ትተረጉመዋለች። በወርኃ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፣ ሌሊት ማኅሌት የቆመ ሰው «ንዒ ርግብየ» የሚለውን ሳይሰማ አያድርም። «ነዪ ርግቤ» ማለት ነው። ወቅቱ ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት የሚታሰብበት ስለሆነ ርግብ የሚለው ስም ስደተኛዋን ወፍም ያስታውሳል። መዝሙረኛው «እንደ ርግብ ክንፍ ማን በሰጠኝ፣ በርሬ ባረፍሁ» ያለውም ማምለጥ ፈልጎ ነው።

የደሃውን መሥዋዕትም እዚህ ላይ አስቡት። በዘሌዋውያን ሕግ መሠረት የወለደች እናት የምታቀርበው በግ ነው፣ ለበግ አቅም ካነሳት ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገል ይበቃታል። ሉቃስ ማርያም ያቀረበችው ወፎቹን እንደሆነ ሲጽፍ የቤቱን ኑሮ በአንድ ቃል ነገረን ማለት ነው። በኔ ግምት ከእርግብ ትርጉሞች ሁሉ በጣም የተረሳው ይሄ ነው። ስብከት ላይ ስለ ሰላም ሃያ ጊዜ ትሰማላችሁ፣ ስለ ደሃዋ እናት እርግብ ግን አልፎ አልፎ ነው።

«እንደ ርግብ የዋሃን ሁኑ» ማለት ሞኝ ሁኑ ማለት ነው?

ጥቅሱን በግማሹ ስለምንጠቅሰው ነው እንዲያ የሚመስለው። ማቴዎስ ላይ ሙሉው እንደ እባብ ልባሞች፣ እንደ ርግብም የዋሃን ሁኑ ነው የሚለው። ለብቻው የተወሰደ የዋህነት አደጋ እንዳለው ሆሴዕ ቀደም ብሎ ተናግሯል። ኤፍሬም አእምሮ እንደሌላት ሰነፍ ርግብ ሆኗል ብሎ ይወቅሰዋል፣ አንዴ ግብፅን እየጠራ አንዴ ወደ አሦር እየሄደ። ስለዚህ «እርግብ ነው» ተብሎ የሚመሰገን ሰው ሁሉ ብልህ ነው ማለት አይደለም። አማርኛውም ቢሆን «የዋህ» ሲል አንዳንዴ ምርቃት፣ አንዳንዴ ስድብ ነው፣ የተናጋሪውን ፊት ማየት ያስፈልጋል።

መምህራን የርግብን የዋህነት ሲያብራሩ ቂም የላትም ይላሉ። ጫጩቷን ቢወስዱባት፣ እንቁላሏን ቢሰብሩባት ተመልሳ እዚያው ትመጣለች። በብዙ አገር ክርስቲያኖች ዘንድ ደግሞ ሐሞት ስለሌላት ነው ክፋት የሌላት የሚል አሮጌ አባባል አለ። የሚገርመው እርግብ በእርግጥም የሐሞት ከረጢት የላትም። ጎጆዋ ፈርሶባት እዚያው ቦታ መልሳ መሥራቷም እውነት ነው። ከቂም ጋር ማገናኘቱ ግን የሰው ሥራ ነው።

ዮናስ ማለት እርግብ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በዕብራይስጥ «ዮና» እርግብ ነው። ዮናስ በግሪክ በኩል የመጣ አጠራር ሲሆን ሙስሊም ወገኖቻችን ዩኑስ የሚሉትም ያው ነቢዩ ነው። እስራኤል ውስጥ ዮና የወንድም የሴትም ስም ስለሆነ እዚያ ያላችሁ «ዮና የምትባል ሴት አለች» ሲሏችሁ አትደነቁ።

የነቢዩ ጠባይ ግን ከስሙ ጋር አይገጥምም። ወደ ነነዌ ተላከ፣ እሱ ኢዮጴ ወርዶ ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። ከኖኅ እርግብ ይልቅ የኖኅን ቁራ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ መልእክቱን አደረሰ፣ ከተማዋም ዳነች፣ እኛም 3ቱን ቀን ጾመ ነነዌን እንጾማለን። እሱ ግን ከተማዋ በመዳኗ ተቆጣ። ርግብ ሆኖ ቂም መያዝ እንዲህ ነው።

በእስልምናስ እርግብ ቦታ አላት?

አላት። ነቢዩ ሙሐመድና አቡበክር ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ሰውር በሚባለው ዋሻ ተሸሸጉ። በታዋቂው ትረካ መሠረት ሸረሪት በዋሻው በር ላይ ድር አደራች፣ ሁለት እርግቦችም ጎጆ ሠሩ፣ አሳዳጆቹ ይህንን አይተው ሰው አልገባበትም ብለው ተመለሱ። ከሐዲስ ሊቃውንት ዘገባውን ደካማ የሚሉት አሉ፣ በሕዝቡ ዘንድ ግን በጣም የተወደደ ነው። በመካ ሐረም ክልል አውሬና ወፍ ማደን ክልክል ስለሆነ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሄደ፣ ወይም ለሥራ ሳዑዲ የኖረ ሰው እነዚያን ሰው የማይፈሩ እርግቦች ያውቃቸዋል። በእግር መሀል ነው የሚሄዱት።

ሌሎች አገሮች እርግብን ለሰው ስም ያደርጋሉ?

ሞልቷል። ፓሎማን አይተናል። የኢዮብ ሴት ልጅ ይሚማ ስሟ በተለምዶ እርግብ ተብሎ ይተረጎማል። በላቲን ኮሉምባ እርግብ ነው። በ597 እ.ኤ.አ. ያረፈው አየርላንዳዊው ቅዱስ ኮሉምባ ወንድ ነው፣ የአገሩ ሰዎች «የቤተ ክርስቲያን ርግብ» በሚል ትርጉም ኮልም ኪሌ ይሉታል። ስለዚህ የሴት ስም ብቻ ነው የሚባለው አይሠራም።

ከዚሁ ከላቲኑ የወጣ በጣም የታወቀ የቤተሰብ ስም አለ፤ ኮሎምበስ። አዎ፣ ክሪስቶፈር ኮሎምበስ «እርግቡ» ነው። የሄደበት አገር ነባር ሕዝብ ከሱ በኋላ ያየውን መከራ ስታስቡት ስም ብቻ ምን ዋጋ አለው ያሰኛል። ኮሎምቢያ የሚባለው አገር፣ ኮሎምበስ የሚባለው የኦሃዮ ከተማ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለው «ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ» ሁሉ በሱ ስም የተጠሩ ናቸው። ዲሲ የምትኖሩ ሐበሾች እንግዲህ የእርግብ ክፍለ ከተማ ነዋሪዎች ናችሁ።

ልጄን ርግብ ብላት ምን ትመክሩኛላችሁ?

በሏት። አጭር ነው፣ የራሳችን ነው፣ ሃይማኖት የሚያከብርም ሃይማኖት የማይከተልም ይወደዋል። ውጭ አገር ከሆናችሁ ግን አንድ ነገር አስቡ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፈረንጁ በተነባቢዎቹ መሀል ምን እንደሚያስገባ አያውቅምና አስተማሪዋ በየዓመቱ አዲስ ስም ይሰጧታል። «ርግበ» መጨረሻው ክፍት ስለሆነ ትንሽ ይቀላል። ርግብን የቤት ስም አድርጋችሁ ሌላ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ስም መጨመርም ይቻላል፣ እናቶች እኮ ድሮም ስሟ ምንም ይሁን ምን «የኔ ርግብ» እያሉ ነው ልጅ የሚያባብሉት።

እርግብ በህልም ማየት ምን ማለት ነው?

አንዱ መልካም ዜና ይላችኋል፣ ሌላው ሚስት ወይም ልጅ፣ ሌላው መንገድ። እርግብን በክፉ የሚፈታ ሰው አልፎ አልፎ ነው፣ ምክንያቱም ፈቺው የሚነሳው ከኖኅና ከዮርዳኖስ ታሪክ ነው። ቋሚ ፍቺ ከፈለጋችሁ ግን ወፍ የለም። ገንዘብ ተቀብሎ እፈታላችኋለሁ ከሚል ሰው ራቁ።

እርግብ በእውነት ሰላማዊ ወፍ ናት?

እርግብ ያረባ ሰው ይህንን ሲሰማ ይስቃል። ወንዶቹ በክንፍ ይጠፋጠፋሉ፣ በመንቁር ይወጋጋሉ፣ በጎጆ ቦታ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ሲገፋፉ ይውላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ጣሪያ ላይ ከጣውላና ከቆርቆሮ የእርግብ ቤት ሠርተው የሚያረቡ ልጆችም ቢሆኑ የሰላም ተምሳሌት ይሁኑልን ብለው አይደለም። የጎረቤት እርግብ ከራሳቸው መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ሲገባ ያለውን ደስታና ባለቤቱ ሲመጣ የሚነሳውን ጠብ ሰፈር ያደገ ያውቀዋል።

የቤተሰብ ፍቅሯ ግን ስም ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥንዶቹ አብረው ይቆያሉ። ሁለት እንቁላል ትጥላለች፣ ወንዱም ሴቷም ተራ ገብተው ይታቀፉታል። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ እናትም አባትም ከጉሮሯቸው ማቆሪያ ወተት የሚመስል ነገር አውጥተው ይመግቧቸዋል። አባት ጭምር ማለት ነው። ዶሮ ውኃ ስትጠጣ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና ታደርጋለች፣ እርግብ ግን አፏን ነክራ እንደ ፈረስ ትስባለች።

መልእክተኛነቷም የኖኅ ተረት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቤቷን ከሩቅ ፈልጋ የማግኘት ችሎታዋን ሰው ለሺህ ዓመታት ተጠቅሞበታል። የሮይተርስ ዜና አገልግሎት መሥራች ፖል ጁሊየስ ሮይተር በ1850 እ.ኤ.አ. የቴሌግራፍ ሽቦ ባልደረሰበት በአኸንና በብራሰልስ መሀል የገበያ ዋጋ የሚልከው በእርግብ ነበር።

ሰርጋችን ላይ ነጭ እርግብ ብንለቅስ?

አትልቀቁ ነው መልሴ። ለፎቶው ያምራል፣ ለወፏ ግን ብዙ ጊዜ ሞት ነው። ለድግስ የሚሸጡት ነጫጮቹ በጎጆ ያደጉ ስለሆኑ ምግብ ፈልጎ መብላት አይችሉም፣ ነጭነታቸው ደግሞ ለጭልፊት ከሩቅ ይታያል። በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ መክፈቻ የተለቀቁ እርግቦች ችቦው በሚለኮስበት ትልቅ ሳህን ጠርዝ ላይ ሰፍረው እሳቱ ሲነሳ አንዳንዶቹ በዓለም ፊት ተቃጠሉ። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. ቫቲካን ውስጥ ከጳጳስ ፍራንሲስ ጎን የቆሙ ልጆች ሁለት የሰላም እርግብ ሲለቁ አንዲት የባሕር ወፍና አንድ ቁራ ወዲያው ወረዱባቸው። ቁራው እዚያም አልቀረም።

የግድ ካላችሁ ቤታቸው ተመልሰው የሚገቡ፣ የለመዱ እርግቦች ያሉት ሰው ፈልጉ። በቀን ብርሃን፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ከቤታቸው ብዙ ሳይርቅ ይለቀቁ። ማታ በአዳራሽ ውስጥ፣ ሙዚቃ እየጮኸ፣ ርችት እየተተኮሰ በፍጹም።

እርግብ ይበላል?

በኦሪት ሕግ ንጹሕ ወፍ ናት፣ ለመሥዋዕት የቀረበች ናትና። ግብፅ ውስጥ ሆዷ በሩዝ ወይም በስንዴ ተሞልቶ የምትቀርብ የክብር ምግብ ናት። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው አይበላትም፣ ብዙውም ሲያስበው ይሰቀጥጠዋል። ካይሮ የተጋበዘ ሐበሻ ሳህኑን እያየ የሚሆነውን መሆን ትገምታላችሁ።

ጣሪያችን ሥር ጎጆ ሠርታለች። ብናባርራት ገዳችን ይሄዳል?

ቤት የመረጠች እርግብ ገድ ናት የሚሉ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። ገዱን ለእናንተ ልተወው። ኩሷ ግን ቆርቆሮውን ያበላሻል፣ ደርቆ ሲቦን ደግሞ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። እንቁላል ካለ ጠብቁ። ለመፈልፈል 18 ቀን ገደማ፣ ጫጩቶቹ ለመብረር ደግሞ ሌላ አንድ ወር ያህል ይፈጅባቸዋል። ጎጆው ባዶ ሲሆን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ኩሱን ውኃ ነስንሳችሁበት ጥረጉት። ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ድፈኑት። ጎጆው ከተነሳ በኋላ በማግስቱ ጭራሮ በአፏ ይዛ እዚያው ብትመጣ አትገረሙ። ሽቦውን ማጥበቅ ነው።